የሌለው ተጠቃሚ

ሰኞ፣ 60 ቀን ሲቀረን

ይህን ደብተር የገዛሁት ለሌላ ጉዳይ ነበር፤ ዛሬ ግን የሚጻፍ ነገር መጣ። አለቃችን ጠዋት እኔንና ቁጥቧን ጠርቶ ስብሰባ አደረገ። ሁለት ሰው ይሰበሰባል እንዴ? እሱ ግን «ስብሰባ» ነው የሚለው።

«የቪዲዮ ማጫወቻችን ከአምስት ኮከብ ሁለት ነጥብ ዘጠኝ ላይ ከቆመ ዓመት አለፈው» አለ። «በስልሳ ቀን ውስጥ ሦስት ነጥብ አምስት ካልደረሰ እዘጋዋለሁ። አዝናለሁ።» ያዘነ ግን አይመስልም፤ ብስኩት እየበላ ነበር።

ቁጥቧ ፕሮግራመራችን ናት። ስሙን ያወጣንላት በቀን ከአሥር ቃል በላይ ስለማይወጣት ነው። ማጫወቻውን ከመጀመሪያዋ መስመር ጀምራ አራት ዓመት ብቻዋን የሠራችው እሷ ናት። «እዘጋዋለሁ» ሲል ጣቶቿን አየች፣ ከዚያ ወደ ኮምፒውተሯ ተመለሰች። አንጀቴን በላችው።

የኔ ሥራ ሰዎች የሚልኩትን አስተያየት አንብቤ መልስ መስጠት ነው። ደህና ደህናውን በወረቀት ጽፌ ግድግዳ ላይ እለጥፋለሁ። ሰኞ ሰኞ እንቆጥራለን፤ ብዙ ወረቀት ያለው ሐሳብ ይሠራል። አለቃችን አንድ ሕግ አለው፦ የተጠቃሚ እንጂ የኛ ሐሳብ አይቆጠርም። አራት ዓመት ሙሉ የኔ የምለው አንዲት ወረቀት ለጥፌ አላውቅም።

ማክሰኞ፣ 59

ከዛሬዎቹ፦

«ማስታወቂያው ከፊልሙ ይረዝማል።»

«ስልኬን ሳዞረው ፊልሙ አይዞርም። እኔ ልዙር?»

«ፊልሙ መጨረሻ ላይ ልጅቷ ሁልጊዜ ትሞታለች። እባካችሁ አስተካክሉ።»

አንድ ባል፦ «ምን እንዳየሁ ሚስቴ እንዳታውቅ መደበቂያ ጨምሩልኝ።» ከሃያ ደቂቃ በኋላ አንዲት ሴት፦ «ባሌ ምን እንዳየ የሚያሳይ ነገር የላችሁም?» ባልና ሚስት ባይሆኑ ምን አለ በሉኝ። ለሁለቱም «እናመሰግናለን፣ እናስብበታለን» ብዬ መለስኩ። ቁጥቧ እንኳን ፈገግ አለች።

ሐሙስ፣ 57

ሥራ በዛ። አጫጭሩን ለጠፍኩ። ረጃጅሙን እንደልማዴ «ሌላ» የሚለው ሳጥን ውስጥ ከተትኩት። ረጅም የሚጽፍ ሰው ወይ ተናድዷል ወይ ሥራ ፈትቷል።

የቢሮው መብራት ይታይ ብዬ ለሦስተኛ ጊዜ ተናገርኩ። የጥገና ሠራተኛው መጥቶ አምፖሉን ቀየረ። ምንም ለውጥ የለውም። አምፖሉም እንደ ድሮው አይደለም።

እሑድ፣ 54

ቤቱ ጸጥ ብሏል፤ ባለቤቴ አባቷን ልትጠይቅ ሄዳለች። ስለዚህ በሰፊው ልጻፍ።

ትናንት አንድ ፊልም ከፍቼ ከታች የሚወጣውን ትርጉም ለማንበብ ስልኩን ራቅ አደረግኩ፣ ራቅ አደረግኩ፣ ክንዴ አለቀ። ባለቤቴ ከወጥ ቤት ብቅ ብላ «አንተ ሰውዬ፣ ስልኩ ይነክሳል እንዴ? ዓይንህን ታይ ብዬህ አልነበረም?» አለች። ዓይኔ ምንም አልሆነም! ችግሩ የኛው ማጫወቻ ነው፤ ፊደሉ ጉንዳን ያህላል። ጋዜጦቹም እንዲሁ ናቸው፣ ቀለም ለመቆጠብ ፊደል አሳንሰዋል። የመድኃኒት ብልቃጡማ አይወራ። ዘመኑ የማሳነስ ዘመን ነው።

አርብ ዕለት ለቁጥቧ ነግሬያት ነበር። «ፊደሉና ቁልፎቹ ተለቅ ቢሉ እንደው በሞቴ ምናለበት?»

«ስንት ሰው ጠየቀ?» አለች።

ማን ጠየቀ? በለጠፍኩት ሁሉ ውስጥ አንድም የለም። ሕግ ደግሞ ሕግ ነው። ታዲያ ዛሬ ሻይ እየጠጣሁ ሳስብ ሳስብ፣ አንድ ሰው ቢጠይቅስ አልኩ። ስልኬን አነሣሁና አዲስ ስም አወጣሁ፦ «ጡረተኛው76»። እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «ልጆቼ፣ የሰባ ስድስት ዓመት ሽማግሌ ነኝ። ፊልም እወዳለሁ፤ ጽሑፋችሁ ግን አይታየኝም። ቁልፋችሁንም ስነካ ሌላው ይነካብኛል። እንደው በሞቴ አተልቁልኝ።»

ላኩት። ማንን ይጎዳል? እንዲህ ያለ ሽማግሌ በዓለም ላይ የሆነ ቦታ መኖሩ አይቀርም።

ሰኞ፣ 53

ለጡረተኛው አንድ ወረቀት ብቻ። አለቃችን «አንድ ሰው አገር አይሆንም» አለ። ቁጥቧ ግን ግድግዳው ጋ ቆማ ሁለት ጊዜ አነበበችው።

ረቡዕ፣ 51

ዓይኔን በጨው አጥቤ ሌላ ጻፍኩ፤ ከዚያም ሌላ። ጡረተኛው አሁን የመንደሩን ጡረተኞች ሁሉ ይዞ መጥቷል፦ «ጎረቤቴም አይታየውም»፣ «ካርታ የምንጫወተው አራታችንም»። በእያንዳንዳቸው ስም አንድ አንድ ወረቀት ለጠፍኩ። ጡረተኛው የቀልድ ሰው ሆኖ ወጣ፤ ትናንት ሁለቴ አሳቀኝ። ራሴ የጻፍኩት መሆኑ ለጊዜው ይረሳኛል።

ሰኞ፣ 46

ዘጠኝ ወረቀት! በዚህ ሳምንት ብዙ ወረቀት ያገኘው የኛ ነው። ማለቴ የጡረተኛው።

ቁጥቧ «አባባን እሺ በላቸው» አለችኝ። አባባ ብላ ነው የጠራቻቸው። «እሺ በላቸው፣ አደርግላቸዋለሁ።» በአንድ ትንፋሽ ስድስት ቃል!

አርብ፣ 42

ሥራዋን ብታዩት! ሦስት ጣት የሚያህል ቁልፍ፣ ከሩቅ የሚነበብ ፊደል፣ ማቆሚያው መሐል ላይ እንደ ሳህን ተቀምጧል። ምሳዋን አልበላችም። «አባባ እንዳይቸገሩ ነው» ትላለች። ለጡረተኛው ያላትን ርኅራኄ ሳይ ደስ ይለኛል፣ ወዲያው ደግሞ ፊቴን ወደ ሌላ አዞራለሁ። መብራቱ ደካማ ስለሆነ ይሆናል።

ሰኞ፣ 32

ጉድ ፈላ። አለቃችን በደስታ ብስኩቱን ትቶ ተነሣ፦ «ይሄ ሽማግሌ ይምጣ! ፊት ለፊታችን ይሞክረውና አስተያየቱን እንስማ። ከመልቀቃችን በፊት እውነተኛ ተጠቃሚ እንይ።»

«አሟቸዋል» አልኩ። ከአፌ ነው የወጣው፣ ከጭንቅላቴ አይደለም።

ቁጥቧ ደነገጠች። «አሟቸዋል? ታዲያ ሄደን እንጠይቃቸዋ!»

ሐሙስ፣ 29

ብርቱካንና ሙዝ መግዛቷን ነገረችኝ። አድራሻቸውን ጠየቀችኝ። «የሚቀጥለው ረቡዕ ይመቻቸዋል» አልኩ። ምን ቆርጦኝ ነው እንዲህ ያልኩት?

ቅዳሜ፣ 27

አማቼ ዘንድ ሄድኩ። ሰባ ስድስት ዓመታቸው ነው፤ ዕድሜያቸውን መበደሬን እዚህ ላይ ልመን። አርባ ዓመት የእጅ ሰዓት ሲጠግኑ ኖረዋል፤ ዛሬም ጠረጴዛቸው ላይ የሰናፍጭ ፍሬ የምታህል ጥርሳም ክብ ነገር በወረንጦ ይዘው ነበር። ነገሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ ነገርኳቸው።

«እና ምን ሁን ነው የምትለኝ?» አሉኝ።

«ጡረተኛውን ይሁኑልኝ አባባ። ‹ዓይኔ ደክሟል፣ አሁን ግን ይታየኛል፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ› ካሉ በቂ ነው።»

«አንተ ልጅ፣ ዓይኔ እኮ አልደከመም።»

«ለግማሽ ሰዓት ይድከምልኝ!»

ብዙ ሳቁ። በመጨረሻ «ለልጄ ባል ስል እሞክራለሁ፤ ውሸት ግን ከኔ ጋር ተስማምቶ አያውቅም» አሉ። ለባለቤቴ እንዳይነግሩ አስማልኳቸው። እቤት ስደርስ ባለቤቴ ታውቅ ነበር።

ረቡዕ፣ 23

ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ይሻለኝ ነበር።

ቁጥቧ ፍሬዋን ይዛ፣ አለቃችን ብስኩቱን ይዞ፣ ሦስታችን አማቼ ቤት ገባን። አልጋ ላይ ጋደም በሉ ብያቸው ነበር፤ በር ከፍተው ነው የተቀበሉን። ቁጥቧ ከአጠገባቸው ተንበርክካ ስልኩን ሰጠቻቸው፦ «አባባ፣ ይሄው፣ እርስዎ እንዳሉት አድርጌዋለሁ።»

አማቼ ስልኩን ወደ ዓይናቸው ሳያስጠጉ ጉልበታቸው ላይ እንዳለ አዩት። «ጎሽ፣ ትልቅ ነው» አሉ። ተነፈስኩ። ቀጥለው «ይቺ ታች ጥጉ ላይ ያለችው ግን፣ ‹ስሪት አራት ነጥብ ሁለት› የምትለዋ፣ እሷን ለምን አሳነሳችኋት?» አሉ።

እኔ እዚያ ጥግ ላይ ጽሑፍ መኖሩን በአራት ዓመት ውስጥ ዛሬ ገና ሰማሁ።

አለቃችን ስልኩን ተቀብሎ አፍንጫው ጋ አስጠጋው። «በመነጽር እንኳን በግድ ነው የማያት» አለ። ሁሉም ወደ አማቼ ዞረ። አማቼ ወደኔ ዞሩ።

«አልቻልኩም ልጄ» አሉ። ለኔ ነው። ከዚያ ለቁጥቧ፦ «የኔ እመቤት፣ እኔ ምንም አልጻፍኩም። የጻፈው ይሄ ነው። የኔ ዓይን ደህና ነው፤ የማይታየው እሱ ነው። ባለፈው ስንት ሰዓት ነው ብለው እጁን እስከ በሩ ድረስ ዘረጋው!»

ቁጥቧ ብርቱካኑን ጠረጴዛው ላይ በቀስታ አስቀመጠች። «ሦስት ሳምንት» አለችኝ። ሁለት ቃል። ወጣች።

አለቃችን ብስኩቱን እንኳን አላጋመሰውም።

ሐሙስ፣ 22

ዘጠኙንም ወረቀት አለቃችን በእጁ ነቀላቸው። አልጮኸብኝም፤ ቢጮህ ደስ ይለኝ ነበር። «ተጠቃሚ ያልጠየቀው አይወጣም» አለ። «ሥራዋ ባለበት ይቀመጥ። ያንተን ጉዳይ ከስልሳው ቀን በኋላ እናየዋለን። እስከዚያ የሚያነብ ሌላ ሰው የለኝም።»

ቁጥቧ ዛሬም ዝም ብላለች። ዝምታዋን አራት ዓመት አውቀዋለሁ፤ ይሄኛው ግን ሌላ ነው። የድሮው ዝምታ ውስጥ እኔም ነበርኩበት።

ውሃ ልቅዳልሽ ብላት «አልፈልግም»። ከዚህ በላይ የሚጻፍ የለኝም። አፍሬያለሁ።

ቅዳሜ፣ 20

ባለቤቴ ክንዴን ይዛ ዓይን ሐኪም ዘንድ አስገባችኝ። እንደ ሕፃን። ሐኪሟ የፊደል ሰሌዳ ሰቅላ «ከላይ ጀምር» አለችኝ። የመጀመሪያውን መስመር አነበብኩ። ሁለተኛውን ገመትኩ። ሦስተኛውን «የለም» አልኳት።

«አለ» አለች።

«ላንቺ ይሆናል።»

ባለቤቴ ከኋላዬ በሳቅ ፈረሰች። ሐኪሟ «ሥራህ ምንድን ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። «ማንበብ» አልኳት። ብዕሯን አስቀምጣ ባለቤቴን አየች።

መነጽሩ ሰኞ ጠዋት ይደርሳል። የቢሮው መብራት ግን አሁንም ደካማ ነው።

ሰኞ፣ 18

መነጽር አደረግኩ። አቤት! ቅጠል ለካ ጠርዝ አለው። ቁጥቧ ለካ አፍንጫዋ ላይ ጠቃጠቆ አላት። ሸሚዜ ላይ ያለው ነጠብጣብ ጌጥ ሳይሆን ወጥ ነው፤ ማንም አልነገረኝም።

ኮምፒውተሬን ከፈትኩ። ከታች ጥጉ ላይ፣ «ሌላ» ከሚለው ሳጥን አጠገብ ቁጥር አለ። 1,312። ረጅም ናቸው ብዬ የጣልኳቸው ሁሉ። እስቲ አንዱን ልይ ብዬ ከፈትኩ።

«የጭነት መኪና ሹፌር ነኝ። ስልኬ መሪው አጠገብ ነው የሚሰቀለው። ቆሜ ሳርፍ ፊልም አያለሁ፣ ግን ከተቀመጥኩበት ጽሑፉን ማንበብ አልችልም፤ በዚያ ላይ እጄ ወፍራም ስለሆነ ማቆሚያውን ስፈልግ ወደፊት ያዘልለዋል። ቁልፉን ብታተልቁት…»

ከስምንት ወር በፊት የተላከ ነው።

ሁለተኛው ጓንት አድርጋ ከምትሠራ የአበባ ቸርቻሪ ነው። ሦስተኛው እጁ ከሚንቀጠቀጥ ሰው፤ እየተንቀጠቀጠ አንድ ገጽ ሙሉ ጽፏል። አራተኛው ዓይኗ ደክሞ ካቆመች የትምህርት ቤት ጸሐፊ። መነጽሬን አውልቄ ጠረግኩት፤ መልሼ አደረግኩት። እዚያው ናቸው።

ሽማግሌ ፈጥሬ ስለፈልፍ እውነተኞቹ ከእግሬ ሥር ተቀምጠው ይጣሩ ነበር። ረጅም የጻፉት ሥራ ፈተው አይደለም። ችግሩ ረጅም ስለሆነ ነው። እኔ ነኝ ጥፋተኛው፣ መብራቱ አይደለም። ይኸው ጻፍኩት።

ማክሰኞ፣ 17

ትናንት ሌሊቱን፣ ዛሬም ከጠዋት እስከ ማታ አነበብኩ። 406 ሰው አንድ ነገር ነው የጠየቀው፤ ትልቅ ፊደል፣ ትልቅ ቁልፍ። 406! ለእያንዳንዱ ወረቀት ጻፍኩ። ግድግዳው ሞላ፣ በሩ ሞላ፣ የአለቃችን ወንበር መደገፊያ ላይም ደረስኩ። ስሙንና ቀኑን ከነመልእክቱ አያይዣለሁ፤ ማንም ሊያጣራው ይችላል።

ረቡዕ፣ 16

አለቃችን እያንዳንዱን ካልመረመርኩ ብሎ ግማሽ ቀን ፈጀ። መብቱ ነው። ሲጨርስ «ይውጣ» አለ፤ ቀጥሎ «ወንበሬን አጽዳልኝ» አለ።

ሐሙስ፣ 15

ቁጥቧ ዛሬ ጠዋት ቀድማ ገብታ በሩ ላይ የተለጠፉትን አንድ በአንድ ታነብ ነበር። ጀርባዋን እንደሰጠችኝ «ጋሼ» አለች። ከዚያ «አልፈልግም» ወዲህ የመጀመሪያዋ ቃል ናት። «ይሄን ሁሉ ለምን አላነበብከውም?»

«አይታየኝም ነበር» አልኩ። ያው፣ ቀላል ነው ለካ። «ዓይኔ ደክሟል። አልናገርም ብዬ ነው። አረጀ እንዳልባል።»

ዞረች። «ይሄን ነግረኸኝ ቢሆን እኮ በአንድ ቀን እሠራልህ ነበር።»

«ሕጉስ?»

«ስልክህ ላይ ብቻ እጭንልህ ነበር። ለማን ትናገራለህ?» አለችና አንዱን ወረቀት እያቃናች «ለአባባ ነበር የደከምኩት» አለች። «እውነት ስለመሰሉኝ ነው የናፈቁኝ።»

ይቅርታ ጠየቅኳት። ተስተካክዬ፣ ቀልድ ሳልቀላቅል። ይቅር አለችኝ ወይ? አላውቅም። ሻይ ግን ቀዳችልኝ።

ሰኞ፣ 11

ለ1,312ቱም መልስ መስጠት ጀመርኩ። «እናመሰግናለን፣ እናስብበታለን» የሚለውን ትቼዋለሁ። «ደብዳቤዎን ገና አሁን ነው ያነበብኩት። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ዓይኔ ደክሞ ሳልናገር ቆየሁ። ትልቁ ፊደል ሐሙስ ይወጣል» እላለሁ። ለእያንዳንዱ የራሱን ነገር ጨምሬ። ለሹፌሩ መልካም መንገድ ብያለሁ።

ሐሙስ፣ 8

ወጣ!! ቁጥቧ ቁልፏን ስትጫን ዓይኗን ጨፈነች። እኔም ጨፈንኩ፤ አዲስ መነጽር አድርጎ ዓይን መጨፈን ሞኝነት ነው።

ሰኞ፣ 4

3.2። ሰዎች አንድ የነበረ ኮከባቸውን እየቀየሩ ነው። ሹፌሩ አምስት ሰጠን፤ ማታ ሲያርፍ አንድ ሙሉ ፊልም አይቷል። የፊልሟ ልጅ ትሞታለች የሚለው ሰውዬ ግን አሁንም አንድ ላይ ነው። አቋም ያለው ሰው ነው።

አማቼ ደወሉ። «ልጅቷ ብርቱካን ትታልኝ ሄዳ ነበር፣ አመስግንልኝ» አሉ። ቁጥቧ ስሰጣት ስልኩን ተቀበለችኝና ከእሳቸው ጋር ሩብ ሰዓት አወራች። ቆጠርኩ ማለት ይከብዳል፤ ከመቶ ቃል በላይ ነው።

ሐሙስ፣ 1

3.4። እጄ ዛለ። ሠላሳ አንድ ደብዳቤ ይቀረኛል።

አርብ፣ 0

ጠዋት 3.4። በስድስት ሰዓት 3.4። አለቃችን «አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ አያለሁ» ብሎ በሩን ክፍት አድርጎ ክፍሉ ተቀመጠ። ቁጥቧ ቁጥሩ ላይ አፍጥጣ ቀረች። እኔ እዚያ ባፈጥጥም ቁጥሩ አይጨምርም ብዬ ወደ ደብዳቤዎቼ ተመለስኩ።

በአሥራ አንድ ሰዓት ግድም የመጨረሻው ላይ ደረስኩ፤ ከሁሉም የቆየው ነው፣ ሁለት ዓመት ከመንፈቅ። ጡረታ የወጡ አዋላጅ ናቸው። «እህቴ ማንበብ አትችልም» ይላሉ። «ፊልም ስናይ ከታች የሚወጣውን ጽሑፍ የማነብላት እኔ ነበርኩ። አሁን ፊደሉ ለኔም ጠፋኝ። ቁጭ ብለን ሥዕሉን ብቻ እናያለን፤ ማን ምን እንዳለ ሁለታችንም አናውቅም።» ከሥሩ አሥር ተከታታይ ደብዳቤ አለ፤ እያጠረ እያጠረ ሄዶ የመጨረሻው «ሰላም?» ብቻ ነው የሚለው።

አሥሩንም ደግሜ አነበብኩ። ከዚያ ሁሉንም ጻፍኩላቸው፤ ዓይኔን፣ ሳጥኑን፣ አዲሱን ፊደል እንዴት እንደሚከፍቱት። ላኩ።

ከግማሽ ሰዓት በኋላ መልስ መጣ።

«ሰው ነበርክ እንዴ? እኔ ለማሽን የምጽፍ መስሎኝ ተስፋ ቆርጬ ነበር። አሁን ከፈትነው፣ ይታየኛል። እህቴ ግን እየተቆጣችኝ ነው፤ አንብቤላት ሳልጨርስ ጽሑፉ ይጠፋል። ትንሽ ቆይቶ እንዲጠፋ ማድረግ ይቻላል? አለህ?»

«አለሁ» ብዬ ጀመርኩ። በዚህ መሐል ቁጥቧ ጮኸች። ቁጥቧ! ወንበሯ ወደቀ፣ አለቃችን ሮጦ ገባ፣ «ሦስት ነጥብ አምስት! ጋሼ፣ ሦስት ነጥብ አምስት! ና እይ እንጂ!»

«ቆዪ አንዴ» አልኩ፤ ቀና አላልኩም። «ሴትዮዋ እየጠበቁኝ ነው።»

መጥታ በትከሻዬ ላይ አጎንብሳ አነበበች። ታለቅስም ትስቅም ነበር፤ በመነጽር ሁሉም ይታያል። ከዚያ የወደቀውን ወንበር አንሥታ አጠገቤ ሳበችው።

«ስንት ሰከንድ ይበቃቸዋል?» አለች። «ጠይቃቸው።»

ጠየቅኳቸው።